ዘጠኝ ካሬ

ከፈረስ መጋላ ቁልቁል ሲወረድ፣
ስሙን ከድምፁ ያገኘ መንገድ፣
መኪና ግርግር፤
መርገጫ ሲረገጥ፣ መዘውር ሲዞር፣
እዚያ ደጃፍ ቆምኩኝ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣
ስልሳ አንድ ዓመቴን ከኮቴ ሥር ሸሽጌ።
ጡረታ የሌላ ሰው ልብስ ሆኖ ትከሻዬ ላይ አልመች አለ፤
«ስፌት ልማር» አልኩት። መርፌው ቀጥ አለ።
ሚስባህ ከመነጽሩ በላይ አሻግሮ አስተዋለ፤
አልሳቀም። ከጎኑ ያለችን በርጩማ
በእግሩ ገፋ አደረጋት።
«ቁጭ ይበሉ ቲቸር» አለኝ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።

ሚስባህን አስተምሬዋለሁ። ሰባተኛ «ሐ»፣
ከመስኮቱ አጠገብ፣ ሦስተኛው ዴስክ ላይ፤
ከአሥር ሦስት የሰጠሁት፣ በቀይ፣
ሦስቱንም በምሕረት፣
«ካሬና አንተ አትተዋወቁም» ብዬ በክፍሉ ፊት።
ያስታውስ እንደሆን እስካሁን አላውቅም፤
እሱም አያነሳም፣ እኔም አልጠይቅም።

ከጠረጴዛው ሥር ጎተተ ማዳበሪያ፣
የመቀስ ትራፊ፣ የጨርቅ ማደሪያ፤
የሙሽራ ከፋይ፣ ጣት የምታህል፤
የመጋረጃ ጫፍ፣ አበባው ወገቡ ላይ የተቆረጠ፤
አንዲት የባቢሌ ሴት «ጠበበኝ» ብላ ያስቀየረችው ብብት፣
ላቧ ጨው ሆኖ ያለበት፤
ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ሰማያዊ።
ያን ሰማያዊ ሠላሳ ዓመት ከፊት አየሁት፤
ጀርባውን ዛሬ ገለበጥኩት።
«ዘጠኝ ይምረጡ፣ ቲቸር፤ ጥጥ ጥጡን ብቻ።
ጀማሪን ያሟልጫል፤ ሐሩ ይቆይ ለብቻ።»

ጠመኔ ሰጠኝ። ጣቴ ወዲያው አወቀው፣
እንደ ድሮ ጓደኛ ጨበጠው፣ አሞቀው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ሰሌዳ ላይ ጎኖች ለእጄ ሲታዘዙ፣
ማዕዘኖች ቀጥ ብለው በቦታቸው ሲውሉ፤
ሰሌዳ ግን አይለጠጥም፣
ጨርቅ፣ ሰያፍ ሲቆርጡት፣ አርፎ አይቀመጥም።
ለካሁት፤ ቆረጥኩት፤ ደግሜ ለካሁት፤
አንዱን ጎን በስንዴ ቅንጣት አጥሮ አገኘሁት።

ስፌቱስ? ስፌቱን ተዉት።
መርገጫውን እንደ ፍሬን ብረግጠው
መዘውሩ ወደ ኋላ ዞረ፤ ክሩ ተበጠሰ፤
ከመንገዱ ማዶ የአው ሙክታር ሳቅ ደረሰ።
የመጀመሪያው መስመሬ እንደ ጀጎል ጠባብ መንገድ ታጠፈ፤
ሁለቴ ግድግዳ ገጭቶ፣ አንዴ ከጨርቁ ወጥቶ አለፈ።
ሚስባህ በጥፍሩ ነካ አደረገው።
«ይተርትሩት።»
ተረተርኩት።
ሰፋሁት።
«ይተርትሩት።»

ቀትር ሆነ። ከግድር መጋላ ሥጋ ተራ በላይ
ጭላቶች ሲዞሩ፣ ጥላቸው ጨርቄን አቋርጦ ሲያልፍ ሳይ፣
ስንት ልጅ መጣብኝ፤
«ተሳስቷል» ብዬ ደብተሩን የመለስኩለት፣
ክሩ የቱ ጋ እንደሳተ ቁጭ ብዬ ሳላሳየው፣
እኔም ራሴ ሳላየው።
እርማት እል ነበር። እርማት ለካ
ጎንበስ ብለው በመርፌ ጫፍ
አንድ በአንድ የሚለቅሙት ነው፣ ጨርቁ ሳይነካ።

በአምስተኛው ቀን ዘጠኙ ገጠሙ።
ካውያው ተንሸራቶ ስፌቱን ሲያስተኛ
ሁሉም ተኛ፤ የመሀሏ ማዕዘን ብቻ እምቢተኛ፤
ሰማያዊው ከአበባው የሚገናኝበት
የጤፍ ፍሬ የምታህል ዝንፈት ቀረችበት።

«ስንት ሰጠኸኝ?» አልኩት፣ እየሳቅኩ፣ አፌ ደርቆ።
ጨርቁን ያዘው በሁለት እጁ፣ አጥብቆ፤
ወደ ብርሃኑ አነሳው፤ ጎተተው።
«እዚህ ቤት ማርክ የለም፣ ቲቸር» አለ ቆይቶ፤
«ወይ ይይዛል፣ ወይ ይተረተራል።»
ከሰል የጫነች አህያ በመሀላችን አለፈች።
ደግሞ ጎተተው።
«ይይዛል።»

በርጩማዋ ላይ አነጠፈው፤ ያቺ የተማሪዋ ላይ።
ከዚያ ማዳበሪያውን ፈትሾ፣ ቆጥሮ
ሐር አወጣልኝ፤ ሦስት ቁራጭ።
«ከአሥሩ ሦስቱ፣ ቲቸር፣ ለነገ ይበቃዎታል።»

ቀና ብዬ አየሁት።
በመርፌው ዓይን ክር እያስገባ ነበር፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ።